ከበታች ማዕረግ ወደ መኮንንነት ማደግ (የአሜሪካ ምድር ጦር)

ከበታች ማዕረግ ወደ መኮንንነት ማደግ በተራ ወታደርነት ወይም በበታች ሹምነት ያገለገለ ሰው ሥልጠና ወስዶ፣ አንዳንዴም በጦር ሜዳ ተመርጦ፣ የመኮንንነት ሹመት የሚቀበልበት ሂደት ነው። በአሜሪካ በዚህ መንገድ ያደገ መኮንን በተለምዶ «ሙስታንግ» ይባላል፤ ቃሉ የዱር ፈረስ ስም ነው።

በወታደርና በመኮንን መካከል ያለው ልዩነት

ወታደሩና የበታች ሹሙ ለተወሰኑ ዓመታት ውል ፈርመው ያገለግላሉ። መኮንን ግን ሹመቱ የሚሰጠው በፕሬዚዳንቱ ስም ነው። መሐላቸውም ይለያያል፦ ሁሉም ሕገ መንግሥቱን ለመጠበቅ ይምላሉ፤ የፕሬዚዳንቱንና የአለቆችን ትእዛዝ ለመፈጸም ጭምር የሚምሉት ግን ወታደሮችና የበታች ሹሞች ናቸው። ስለዚህ ሽግግሩ ከአስር አለቃ ወደ ሃምሳ አለቃ እንደ ማደግ ያለ አይደለም። ለአሥር ዓመት ያገለገለ ሃምሳ አለቃ ቢሆንም መኮንን ሲሆን የሚጀምረው ከምክትል መቶ አለቃነት ነው።

ዋና ዋና መንገዶች

የዕጩ መኮንኖች ትምህርት ቤት፦ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ በፎርት ቤኒንግ ይገኛል። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ወታደር በአዛዦቹ ድጋፍ አመልክቶ ከተመረጠ ለ12 ሳምንታት ይሠለጥናል። በአካል ብቃት፣ በካርታና በኮምፓስ አቅጣጫ በማግኘት እንዲሁም በመስክ ጓዶቹን በመምራት ይፈተናል።

«ግሪን ቱ ጎልድ»፦ በዋናነት ዲግሪውን ላልጨረሰ ወታደር የተዘጋጀ ነው። ወታደሩ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከመደበኛ ትምህርቱ ጎን ለጎን የመኮንንነት ሥልጠና ይከታተላል፤ ሲመረቅም ይሾማል።

ዌስት ፖይንት፦ በ1802 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የአራት ዓመት አካዳሚ ነው። ወታደሮችም ማመልከት ይችላሉ፤ ሆኖም የዕድሜ ገደቡን ያላለፉ፣ ያላገቡና ልጅ የማሳደግ ሕጋዊ ግዴታ የሌለባቸው መሆን አለባቸው።

የዜግነት ጥያቄ

ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ (ግሪን ካርድ) ያለው ስደተኛ በወታደርነት መቀጠር ይችላል፤ በመደበኛው መንገድ መኮንን ለመሆን ግን ዜጋ መሆን ይጠበቅበታል። በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችም ይኸው ደንብ ይሠራል። በሌላ በኩል የውትድርና አገልግሎት ራሱ ዜግነት የማግኛውን ጊዜ ሊያሳጥር ስለሚችል፣ በወታደርነት ጀምሮ ዜግነት ማግኘትና ከዚያ ለመኮንንነት ማመልከት የታወቀ ቅደም ተከተል ነው።

ደመወዝና ጡረታ

ብዙ ዓመት ያገለገለ የበታች ሹም እንደ አዲስ መኮንን ቢከፈለው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከአራት ዓመት በላይ በበታች ማዕረግ ላገለገሉ ሰዎች ከምክትል መቶ አለቃ እስከ ሻምበል ድረስ ከፍ ያለ የተለየ የደመወዝ እርከን አለ። በመኮንን ማዕረግ ጡረታ ለመውጣት ግን በመደበኛው ሕግ ቢያንስ 10 ዓመት በመኮንንነት ማገልገል ያስፈልጋል። ዘግይቶ ለሚያመለክት ወታደር ይህ ስሌት ወሳኝ ነው።

በክፍሉ ውስጥ የሚመጣ ለውጥ

የጦሩ ደንብ በመኮንኖችና በበታች ማዕረግተኞች መካከል የንግድ ሽርክናን፣ የፍቅር ግንኙነትንና ቁማርን ይከለክላል። በመሆኑም አዲሱ መኮንን ከትናንት ጓደኞቹ ጋር የነበረው ቅርበት ይለወጣል። በአንጻሩ የወታደሩን ኑሮ ከውስጥ ስለሚያውቀው የትኛው ትእዛዝ በተግባር እንደሚከብድ ቀድሞ ሊረዳ ይችላል። በሹመት ቀን አዲሱ መኮንን የመጀመሪያውን ሰላምታ ለሰጠው ወታደር ወይም የበታች ሹም የብር ዶላር መስጠቱ የቆየ ልማድ ነው።

ታዋቂ ምሳሌዎች

ኦዲ መርፊ በ1942 በተራ ወታደርነት ተቀጥረው፣ ትምህርታቸው ከአምስተኛ ክፍል ብዙም ያልዘለለ ቢሆንም፣ በ1944 በጦር ሜዳ የምክትል መቶ አለቃነት ሹመት ተቀበሉ። በጥር 1945 በፈረንሳይ ለፈጸሙት ጀብዱ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ አግኝተዋል።

ጄኔራል ጆን ሻሊካሽቪሊ በዋርሶ ተወልደው በ16 ዓመታቸው አሜሪካ ገቡ። በ1958 ዜግነት አገኙ፤ በዚያው ዓመት በብሔራዊ ውትድርና ተመለመሉ። በ1959 ከዕጩ መኮንኖች ትምህርት ቤት ተመርቀው፣ ከ1993 እስከ 1997 የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሞች ሊቀመንበር ሆነዋል። ከአሜሪካ ውጭ ተወልዶ ይህን ሥልጣን የያዘ የመጀመሪያው ሰው ናቸው።