ሰፍነግ ከተማ፦ ለዝናብ ቦታውን መመለስ

ትርጉሙ

«ሰፍነግ ከተማ» የሚዘንበውን ውሃ አብዛኛውን እዚያው በወደቀበት የሚመጥጥ፣ ይዞ የሚያቆይ፣ ከዚያም ቀስ እያለ ለአፈሩ፣ ለተክሉና ለወንዙ የሚለቅ ሆኖ የተነደፈ ከተማ ነው። ቃሉ የተስፋፋው ከቻይና ነው፤ በማንዳሪን «ኻይሚየን ቸንግሺ» ይባላል። «ቸንግሺ» ከተማ ሲሆን፣ «ኻይሚየን» ሰፍነግ ማለት ነው።

ለምን አስፈለገ?

ብዙዎቹ ትልልቅ የእስያ ከተሞች የተቆረቆሩት በወንዝ ዳር ሜዳ ወይም ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ዝቅተኛ መሬት ላይ ነው። የዓመቱ ዝናባቸውም በጥቂት ወራት ተጠቃሎ ይወርዳል። ቀድሞ ያን ውሃ የሚቀበሉት የሩዝ ማሳዎች፣ ኩሬዎችና ረግረጎች ነበሩ። ከተማው ሲሰፋ ግን መጀመሪያ በአፈር የተደፈኑት እነሱ ሆኑ። «ባለ መቶ ሐይቋ ከተማ» የምትባለዋ የቻይና ከተማ ዉሃን እንኳ ብዙዎቹን ሐይቆቿን ለግንባታ ደፍናለች። መሬቱ በአስፋልትና በኮንክሪት ሲለበጥ ውሃው የሚሰርግበት ያጣል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ቱቦው ይሮጣል። ቱቦው ደግሞ ከተማው ትንሽ ሳለ የተቀበረ ነው። ስለዚህ ዝናቡ የተፈጥሮ ቢሆንም፣ ለዝናቡ ተጋላጭ መሆን በአብዛኛው በሰው እጅ የተሠራ ነው። ሰው የሠራውን ደግሞ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል፤ የሰፍነግ ከተማ ሐሳብ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

አመጣጡ

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 2012 በቤጂንግ የጣለው ዝናብ 79 ሰው ገደለ። በድልድይ ሥር የሚያልፉ መንገዶች ወደ ኩሬነት ተለወጡ። በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ ከተሞች እንደ ሰፍነግ እንዲገነቡ በይፋ ጠየቁ። በ2015 መንግሥት 16 የሙከራ ከተሞችን መረጠ፤ በ2016 ሌሎች 14 ጨመረ። ግቡ 70 በመቶው የዝናብ ውሃ በቦታው እንዲቀርና ጥቅም ላይ እንዲውል፣ በ2030 ደግሞ 80 በመቶው የከተማ ክልል ይህን መስፈርት እንዲያሟላ ነው።

ከሐሳቡ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳው የመልክዓ ምድር አርክቴክቱ ዩ ኮንግጂየን ነው። ያደገው በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር በገበሬ ቤት ነው። ልጅ ሳለ በሞላ ወንዝ ውስጥ ወድቆ ከሞት የተረፈው፣ ዳር ዳሩን የበቀሉት የአኻያ ዛፎችና ሸምበቆዎች ፍሰቱን ስላዘገዩለትና የሚይዘው ስላገኘ መሆኑን ይናገር ነበር። በዚያው ክፍለ ሀገር፣ በጂንኋ ከተማ፣ በወንዝ ዳር የቆመን የኮንክሪት መከላከያ ግንብ አስነሥቶ በሣር የተሸፈነ እርከን ተክቶበታል፤ ወንዙ ሲሞላ እርከኑ ይሰጥማል፣ ሲጎድል መናፈሻ ይሆናል። ዩ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በብራዚል በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አልፏል።

አሠራሩ

የቻይና መሐንዲሶች ሥራውን በስድስት ግሶች ያጠቃልሉታል፦ ማስረግ፣ ማዘግየት፣ ማጠራቀም፣ ማጣራት፣ መጠቀም፣ ማፍሰስ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። በተለመደው የከተማ ምህንድስና መጀመሪያ የሚታሰበው ማፍሰስ ነበር፤ እዚህ መጨረሻ ላይ መጥቷል። ለማስረግ ውሃ የሚያሳልፍ የመንገድ ንጣፍ ይነጠፋል። ለማዘግየት ጣሪያ ላይ ሣር ይበቅላል፣ በመንገድ ዳር ዝቅ ያሉ የአትክልት መደቦች ይሠራሉ። ለማጠራቀምና ለማጣራት የተደፈኑ ኩሬዎችና ረግረጎች ይመለሳሉ። የተጠራቀመው ውሃ ለአትክልትና ለመንገድ ማጠቢያ ይውላል፤ የቀረው ብቻ ወደ ቱቦ ይሄዳል።

ሐሳቡ ከቻይና ውጭም ሥር ሰዷል። በባንኮክ የቹላሎንግኮርን ዩኒቨርሲቲ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ አርክቴክቷ ኮትቻኮርን ቮራኮም የነደፈችውን መናፈሻ ከፈተ። ስፋቱ 4.5 ሄክታር ያህል ሲሆን ሆን ተብሎ በአንድ ወገን አዘንብሏል። ዝናቡ በላይኛው ጫፍ ካለው ሕንፃ የሣር ጣሪያ ተነሥቶ በግራና በቀኝ ባሉ ረግረጎች እየተጣራ ወደ ታችኛው ኩሬ ይወርዳል። መናፈሻው በጠቅላላው 3.8 ሚሊዮን ሊትር ገደማ መያዝ ይችላል።

ወደ አማርኛ አመላለሱ

ሦስት አማራጮች አሉ። «ውሃ መጣጭ ከተማ» ግልጽ ቢሆንም የሥራውን ግማሽ ብቻ ይናገራል፤ የያዘውን መልሶ መልቀቁን አይነግረንም። «ስፖንጅ ከተማ» ለሁሉም ይገባል፤ ነገር ግን «ስፖንጅ» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ፍራሽን ነው። «ሰፍነግ» በወንጌሉ የስቅለት ታሪክ ሆምጣጤ የተሞላበት ሆኖ የሚታወቅ፣ መጥጦ መልቀቅን አጣምሮ የያዘ ነባር ቃል ነው። ስለዚህ «ሰፍነግ ከተማ» የተሻለ ይመስላል፤ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «ስፖንጅ» የሚለውን አክሎ ማስታወስ ይበቃል።

ወሰኑ

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን 2021 በቻይናዋ ዠንግዡ በአንድ ሰዓት 201.9 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ሰዓት አንድ በርሜል ውሃ ተደፋ ማለት ነው። ይህ ከከተማዋ የዓመት ዝናብ ሲሶ ገደማ ነው። ዠንግዡ ለሰፍነግ ከተማ ሥራ ብዙ ገንዘብ መድባ ነበር፤ ሆኖም በከተማዋ 380 ሰዎች ሞቱ ወይም ጠፉ፤ ከእነዚህ 14ቱ በምድር ውስጥ ባቡር የነበሩ ናቸው። እንዲህ ያለውን ዝናብ የሚመጥጥ መናፈሻ የለም። የመንግሥት መርማሪ ቡድንም ኃላፊዎች ማስጠንቀቂያ እየደረሳቸው በጊዜ አለመወሰናቸውንና የሟቾችን ቁጥር መደበቃቸውን አረጋግጧል። ሰፍነጉ በየዓመቱ የሚመጣውን ጎርፍ ያቀልላል። ለብርቱው ዝናብ ግን ባቡር የሚያስቆም፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋና ሕዝብ የሚያስነሣ ውሳኔ ያስፈልጋል።

አጠቃቀሙ

ቃሉ የሚገባው ለከተማው አጠቃላይ አሠራር ነው። አንድ ሥፍራ ብቻ ሲሆን «ሰፍነግ መናፈሻ» ወይም «ሰፍነግ ሰፈር» ማለት ይቻላል። ዛፍ መትከልና ማስዋብ ብቻውን ስሙን አያሰጥም፤ ወለሉና ዳሩ በኮንክሪት የተደፈነ ሰው ሠራሽ ሐይቅም ውሃ ቢይዝ እንኳ ወደ አፈሩ አያሰርግም። መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከቦታው ወደ ጎረቤት ሰፈር የሚሄደው ጎርፍ ከበፊቱ ቀንሷል ወይ?