አጋዘኑ የማን ነው? (ስለ አደን፣ ስለ መሬትና ስለ ባለቤትነት)

በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ከቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ጋር ከሐዋሳ ተነሥተን ወደ ባሌ እንወጣለን። ሻሸመኔን፣ ኮፈሌን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፈን ዲንሾ ስንደርስ ውርጩ ይቀበለናል፤ በማግስቱም ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጋይሳይ ከሚባለው ሜዳ ዳር ቆመን የደጋ አጋዘን እንጠብቃለን። አንዱ ጓደኛችን ጠበቃ፣ ሌላው የደን ባለሙያ፣ እኔ ደግሞ የታሪክ መምህር ነኝ። አራተኛው ኑሮውን ስዊድን ካደረገ ቆይቷል። ባለፈው ኅዳር ግን ስልክ ደውሎ፣ ለመነጋገሪያ የሚሆን ጥያቄ ሰጠን።

«እናንተ አጋዘን ልታዩ ትሄዳላችሁ፤ እኔ ደግሞ እዚህ አድኜ መጣሁ» አለኝ። እንዳጫወተኝ ከሆነ፣ በየዓመቱ መከር ሲገባ ከሥራ ባልደረቦቹና ከጎረቤቶቹ ጋር ኤልክ የሚሉትን ግዙፍ የጫካ እንስሳ ለማደን ይወጣሉ። በቡድኑ ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛ አለ፤ ሐኪም አለ፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር አለ። የወደቀውን ሥጋ በእኩል ይካፈላሉ፤ ክረምቱን ሙሉ ይመገቡታል። ቀጠለናም እንዲህ አለ፦ «እዚህ አገር ተራ ሰው ያድናል፤ እንስሳው ግን አላለቀም። እኛ አገር ተራ ሰው ቢያድን ይታሰራል፤ አጋዘናችን ግን ሊያልቅ ነው። አንተ የታሪክ መምህር ነህና መልስልኝ።»

ይህ ጽሑፍ መልሴ ነው፤ ውድ አንባቢያን እንደምትፈርዱት።

በመጀመሪያ ስለ እንስሳው ጥቂት ልበል። ኤልክና አጋዘን በመልክ ይቀራረቡ እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። ኤልክ ቀንዱን በየዓመቱ ያረግፋል፤ የእኛው ወንዱ አጋዘን ግን ጠምዛዛ ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት ይኖራል፤ ሴቷ ቀንድ የላትም። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። መኖሪያውም ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ያሉት የባሌ፣ የአርሲና የጨርጨር ከፍታዎች ናቸው። በዛሬው ግምት በሕይወት ያለው ቁጥር ከአራት ሺሕ ብዙም የራቀ አይደለም።

ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አላስተዋልነውም እንጂ። በ1969 ዓ.ም. የተቀረጸው የ10 ሳንቲም ጀርባ ላይ ያለው እርሱ ነው። ያን ጊዜ ባለ 5 ሳንቲሙ ላይ ጠብመንጃ የያዘ ወታደር፣ ባለ 10 ሳንቲሙ ላይ አጋዘኑ ተቀረጹ። ሁለቱም በአንድ ኪስ ውስጥ ኖሩ። ሲጋራውንም፣ የመድን ድርጅቱንም፣ የመኪና አስመጪውንም «ኒያላ» ብለናቸዋል፤ ቃሉ ግን ከደቡባዊው አፍሪቃ በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ነው። የገዛ እንስሳችንን በባዕድ ስም ጠርተን በንግድ ምልክትነት ስናከብረው፣ «አጋዘን» የሚለው የአገሩ ስም የገጠሬው ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

በሳይንስ መዝገብ የሰፈረበት መንገድም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ በአርሲ አካባቢ ገደለው፤ ቆዳውና ቀንዱ ለንደን ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ሪቻርድ ሊዴከር «ትራጌላፈስ በክስተኒ» ብሎ ሰየመው። ከአፍሪቃ ትልልቅ ቀንዳም የዱር እንስሳት መካከል ለሳይንስ የመጨረሻው አዲስ ግኝት እርሱ ነበር። የአርሲና የባሌ ከብት አርቢ ለዘመናት አብሮት ሲኖር፣ ስሙ የገደለው ሰው ስም ሆነ። ከሐዋሳ ብዙም በማይርቀው በሰንቀሌ የሚገኘው ቆርኬም እንዲሁ ስዌይን በተባለ የእንግሊዝ መኮንን ስም ይጠራል።

በአገራችን ባህል አደን የክብር መንገድ ነበር። ዝሆን፣ ጎሽ ወይም አንበሳ የጣለ ሰው ፎክሮ ይገባል፤ ይሸለማል፤ በአደባባይ ስሙ ይነሣል። ያ ክብር ግን የሚሰጠው ገዳዩን መልሶ ሊገድል በሚችል አውሬ ላይ ነው። አጋዘን ቢገደል ሥጋ ነው እንጂ ግዳይ አይደለም። ስለዚህ በአደን ታሪካችን ውስጥ ዘፈንም ሹመትም አልደረሰውም። ይህ ለረጅም ጊዜ ሳይጠቅመው አልቀረም። የአውሮፓ ጠብመንጃ በገፍ ሲገባ፣ ውጅግራና ምንሽር በየቤቱ ሲሰቀሉ ነገሩ ተለወጠ። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጡት የአደን ደንብም በዋነኛነት የዝሆን አደንን ለመቆጣጠር የታሰበ ነበር፤ ዝሆን የዝሆን ጥርስ፣ የዝሆን ጥርስም ገንዘብ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ደግሞ አደንን በፈቃድ ሥር አደረገው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሕጎች፣ አዋጅ ቁጥር 541/1999ን ጨምሮ፣ በዝርዝር ቢለያዩም ሐሳባቸው አንድ ነው፤ የዱር እንስሳውን ዕጣ የሚወስነው ፈቃድ ሰጪው መንግሥት ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዬ አገር ልሻገር። በስዊድን አደን ለረጅም ጊዜ የንጉሡና የመኳንንቱ መብት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1789 ንጉሥ ጉስታቭ ሣልሳዊ ባለ ርስት ገበሬዎች በራሳቸው መሬት ላይ እንዲያድኑ ፈቀደ። ምን ሆነ? ገበሬው ለዘመናት የተከለከለውን በጥቂት ዓመታት ሊጨርሰው ተነሣ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኤልክ ከአገሪቱ ሊጠፋ ስለ ተቃረበ ለዓመታት ፈጽሞ እንዳይታደን ታገደ። ከዚያ በኋላ ነው ቀስ በቀስ የአደን ወቅት፣ የቁጥር ገደብና የአዳኞች ማኅበር የመጣው። ዛሬ የመሬቱ ባለቤት የአደኑም ባለመብት ነው፤ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኤልክ ይታደናል፤ መንጋው ግን በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። መብት ያለ ሥርዓት እንስሳውን ይፈጀዋል። መብትና ሥርዓት ሲገናኙ ደግሞ ገዳዩ ራሱ ጠባቂ ይሆናል።

የእኛ ታሪክ በተቃራኒው ይሄዳል። አርሲና ባሌ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምኒልክ ጦር ከተያዙ በኋላ መሬቱ በቃላድ ተለክቶ ብዙው ነዋሪ ገባር ሆነ። በመሬትና በግብር በደል ምክንያት በዋቆ ጉቱ የተመራው የባሌ ገበሬዎች ዐመፅ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1970 ዘለቀ። በዚሁ ዘመን እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሌስሊ ብራውን ባሌን እየዞረ አጋዘኑን ያጠና ነበር፤ እርሱና ሌሎች ባቀረቡት ሐሳብ መሠረትም እ.ኤ.አ. በ1970 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። ዐመፁ ያበቃውና ፓርኩ የተመሠረተው በአንድ ዓመት መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ፓርኩን ያሰቡት ሰዎች ቅን እንደ ነበሩ አልጠራጠርም። ግን ስለ መሬቱ ገና ጠብመንጃውን ያስቀመጠ ገበሬ፣ ከብቱን በየወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ ሲያወጣ የኖረበት ግጦሽ ተከለለ ሲባል ምን ይሰማዋል? የ1967ቱ አዋጅ የገጠርን መሬት ከባላባቱ ነጥቆ የሕዝብ ሀብት ባደረገ ጊዜም፣ የአጋዘኑ ጥያቄ አልተነሣም። ገበሬው ጭሰኝነቱ ቀረለት፤ ከደጃፉ የሚግጠው እንስሳ ግን የሩቅ ጌታ ንብረት እንደ ሆነ ቀረ።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ውጤቱ ታየ። በዲንሾ የፓርኩ ንብረት ተዘረፈ። በጋይሳይ ዙሪያ ሺሕን ተሻግሮ የነበረው አጋዘን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ጥቂት መቶዎች ወረደ። በሰንቀሌም ቆርኬው እንዲሁ ተፈጀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ የምንኖረውም ዛሬ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በሚባለው ሰፈር ነው። አንድ ቀን ማታ አጎቴ በጆንያ የተጠቀለለ ሥጋ ይዞ ከሰንቀሌ በኩል መጣ። እናቴ «ማን እንደ ባረከው ያልታወቀ ሥጋ ከድስቴ አይገባም» ብላ በሩ ላይ መለሰችው። አጎቴም ከጓሮ እሳት አንድዶ ጠበሰው፤ እኔና ወንድሞቼ ተደብቀን በላን። ጣፋጭ ነበር። አጎቴ ሌባ አልነበረም፤ የጎረቤት ዶሮ እንኳ ከአጥሩ ቢገባ አስይዞ የሚመልስ ሰው ነበር። ለዓመታት ያላወቅሁት፣ እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ምሽት ለምን አንዳች ኀፍረት እንዳልተሰማው ነው።

መልሱን የሰጡኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ በዲንሾ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ናቸው። ቡና እየጠጣን «ሐጂ፣ በ83 እርስዎም ገድለዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ የመንግሥት ከብት ነበር። መንግሥት ሲሞት ሰደቃውን በላን» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትንታኔ በየትኛውም ጉባኤ ላይ ሰምቼ አላውቅም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ ባለቤቱ በወደቀ ቀን አጥሩም አብሮ ወደቀ።

ዛሬስ? ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2014 በሕግ ወሰኑ ተደንግጎለታል፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከፓርኩ ውጭ፣ እንደ ሙኔሳ ባሉ የአደን ቀበሌዎች፣ የውጭ አገር አዳኞች ለአንድ ወንድ አጋዘን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር አውጥተው ያድናሉ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይቆጣል። እኔ ግን በችኮላ አልፈርድም። የሚገደለው ያረጀ ወንድ ብቻ ከሆነ፣ ቁጥሩም በጥናት ከተወሰነ፣ መንጋው አይጎዳም፤ አንዳንዱ ደንም እስከ ዛሬ የቆየው አደኑ ገቢ ስለሚያስገኝ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ገብሱን አጋዘን የበላበት ገበሬ ያንኑ እንስሳ ቢገድል ወንጀለኛ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣው እንግዳ ቢገድል ደንበኛ ነው። ገንዘቡ በክልልና በፌዴራል ካዝና አድርጎ ሲከፋፈል፣ ለገበሬው የሚደርሰው «ቅርሱ የአንተ ነው» የሚል ስብከት ይሆናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የደን ባለሙያው ጓደኛችን በዚህ አይስማማም። «ስዊድን አሥር ሚሊዮን ሕዝብ ነው፤ እኛ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነን። ገብሱ ተራራውን እየወጣ ነው፤ ከብቱ ፓርኩን ሞልቶታል። ባለቤትነት ብቻውን መሬት አይፈጥርም» ይላል። እውነቱን ነው። ግን እርሱ ራሱ የሚመሰክረው አንድ ነገር አለ። በአዳባና በዶዶላ ደኖች፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ገደማ ጀምሮ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ፣ ዋጂብ የተባሉ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቁመው ነበር። እያንዳንዱ ማኅበር ከሠላሳ የማይበልጡ አባወራዎች ያሉት ሆኖ፣ የተከለለለትን ደን በውል ተረክቦ ይጠብቃል፤ ከደኑም ይጠቀማል። ማኅበሩ አዲስ ሰፋሪ እንዳይገባ ይከላከላል፤ ዛፉ ቢቆረጥ የሚጠየቀው ራሱ ነውና። ለዛፍ የተቻለው ለአጋዘን የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። የአደኑ ገቢ ዋና ድርሻ በስም ለሚታወቅ የቀበሌ ማኅበር በቀጥታ ቢገባ፣ ማኅበሩም ስንት እንደሚታደን ሲወሰን ድምፅ ቢኖረው፣ የበላው ገብስም ካሣ ቢከፈልበት፣ በሚቀጥለው የመንግሥት መንገዳገድ ጊዜ ሰደቃ የሚበላ ሰው ይቀንሳል።

ይህን የምለው ጠብመንጃ አንሥቼ አጋዘን የመጣል ምኞት ኖሮኝ አይደለም። በልጅነቴ የበላሁት ይበቃኛል። ለጓደኛዬ የሰጠሁት መልስ አጭር ነው፦ «የእናንተን ኤልክ የሚጠብቀው ነገም አድናለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። የእኛን አጋዘን የሚጠብቀው ደመወዙ የዘገየበት ዘበኛ ነው።»

ባለፈው ኅዳር ጋይሳይ ላይ ጉሙ ሲገፈፍ አሥራ ሰባት ቆጠርን። አንድ ሽማግሌ ወንድ ከመንጋው ተነጥሎ ቆሞ ነበር። ከእርሱ መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት አንድ እረኛ ልጅ ከብቶቹን ይዞ ያልፋል። አጋዘኑ ቀና ብሎ አየው፤ ልጁም ዞር ብሎ አየው፤ ሁለቱም መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኛን ሲያይ ግን አጋዘኑ ወደ ጽዱ ጫካ ገባ።