ከብርሃኑ በፊት ክዳኑ

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የፎገራ ሩዝ ሲታጨድ የወረታ መፈልፈያ ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ሞተሩ በአንድ ወገን፣ መፈልፈያው በሌላ ወገን ሆኖ በመካከላቸው ረጅም ቺንጋ ይሽከረከራል። አጠገቡ የሚቆመው ኦፕሬተሩ ብቻ አይደለም። ማዳበሪያ የሚያወርድ የቀን ሠራተኛ፣ ተራውን የሚጠብቅ ገበሬ፣ ገለፈት የምትሰበስብ ሴት፣ እናቱን ተከትሎ የመጣ ልጅም አለ። የነጠላ ጫፍ ቺንጋውና ፑሌጃው መካከል ከገባ ባለቤቱን ስቦ ለመውሰድ ቅጽበት ይበቃል።

ፎገራ ከሩዝ ጋር የተዋወቀው በደርግ ዘመን ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራች ማኅበራት ሞከሩት፤ የርብና የጉማራ ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ ተስማማው። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ስለ ዘሩ ብዙ ተጽፏል፤ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሞለታል። የሚፈለፍለው ማሽን ግን ያን ያህል ጸሐፊ አላገኘም። በአካባቢው የተለመደው «ኤንግልበርግ» የሚባለው ዓይነት፣ ብራዚላዊው መሐንዲስ ኤቫሪስቶ ኮንራዶ ኤንግልበርግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፈጠረው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፈውም አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም።

የሠራተኛን እጅ ከማሽን የማዳን ታሪክ ከዚህ ማሽን ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1844 የወጣው የእንግሊዝ የፋብሪካ ሕግ የሚሽከረከሩ ዘንጎችና መዘውሮች እንዲታጠሩ አዘዘ። መሣሪያው አጥር ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ ጀርመናዊው ኤርዊን ዚክ የብርሃን መጋረጃውን ሃኖቨር ላይ ለዕይታ አቀረበ። በአንድ ወገን ላኪ፣ በሌላው ተቀባይ ይቆማል፤ በመካከላቸው ያለውን ጨረር እጅ ሲያቋርጠው ማሽኑ እንዲቆም ይታዘዛል። የሊፍት በር ሰው ሲገባ ተመልሶ የሚከፈተው በተመሳሳይ ዘዴ ነው። ዛሬ ብዙ የፕሬስና የማሸጊያ ማሽኖች ይህንኑ ተገጥሞላቸው ይሸጣሉ።

ታዲያ ለወረታም ይምጣ? እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ብርሃኑ ያያል እንጂ አያቆምም፤ የሚያቆመው ማሽኑ ራሱ ነው። መጋረጃው የሚተከልበት ርቀት የሚሰላው ማሽኑ ለመቆም በሚፈጅበት ጊዜ ነው። ለሩቅ ርቀት የሚሠራበት ዓለም አቀፍ መለኪያ ሰው በሰከንድ 1.6 ሜትር እንደሚጠጋ ይቆጥራል። ፍሬን የሌለው፣ ከባድ ጎማው ሞተሩ ከጠፋ በኋላም የሚሽከረከር መፈልፈያ ለመቆም 5 ሰከንድ ፈጀ እንበል፤ መጋረጃው 8 ሜትር ርቆ መተከል አለበት። ስንት መፈልፈያ ቤት ነው ይህን ያህል ባዶ ቦታ ያለው? ሌንሱን የሚሸፍነው የገለፈት ብናኝ ሳይነሳ ነው ይህ ሁሉ።

ስለዚህ ለወረታ የሚበጀው የ1844ቱ መፍትሔ ነው፦ በቺንጋው ላይ የሚገጠም የሽቦ ክዳን። የከተማው በያጅ የሚሠራው ነገር ነው። «ቺንጋ ሲላላ እንዴት እንነካዋለን?» የሚለው የኦፕሬተሮች ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱ ማጠፊያ ያለው፣ ሞተሩ ሲጠፋ ብቻ የሚከፈት ክዳን ነው።

ሕጉስ? ሕግ አልጠፋም። ኢትዮጵያ በ1944 (እ.ኤ.አ.) የፋብሪካ አዋጅ ነበራት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ለሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ መብት ሰጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪውን ያስገድዳል፤ ሠራተኛው የደኅንነት መሣሪያ እንዳይነቅልም ይከለክላል፤ መጀመሪያ ከተገጠመ ማለት ነው።

ነገር ግን አዋጁ የሚያውቀው አሠሪና ሠራተኛን ነው። ባለቤቱ ከልጆቹ ጋር በሚያንቀሳቅሰው መፈልፈያ ቤት ውስጥ ተራ የሚጠብቀው ገበሬ ደንበኛ ነው፤ ገለፈት የምትሰበስበው ሴት ደግሞ በየትኛውም መዝገብ የለችም። እነሱን የሚደርስ መንገድ ካለ የንግድ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ሲታደስ ግብር መከፈሉ ይጠየቃል፤ ቺንጋው መሸፈኑም አብሮ ቢታይ ለወረዳው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ያውም ኅዳር ሳይገባ።