ከካሴት ደብዳቤ እስከ ስድስት አኃዝ፦ በተስፋ በር ደጃፍ

ፔታህ ቲክቫ በዕብራይስጥ «የተስፋ በር» ማለት ነው፤ ስሙ የተወሰደው ከነቢዩ ሆሴዕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ከኢየሩሳሌም የወጡ ጥቂት ቤተሰቦች በያርኮን ወንዝ አቅራቢያ ሲሰፍሩ የጠበቃቸው ረግረግና ወባ ነበር። ጥለዋት ሄዱ፤ በ1883 ተመልሰው አቀኗት። ዛሬ በኢንዱስትሪ ሰፈሯ በቂርያት አርዬ በኩል የሚያልፍ ሰው የመስታወት ሕንፃ ያያል። በ1961 የተቋቋመውና ለስልክ ኩባንያዎች የመስመር መሣሪያ ሲሠራ የኖረው ኢሲአይ ቴሌኮምም መቀመጫው በዚህች ከተማ ነበር። በዚህችው ከተማ፣ በአሮጌዎቹ ፎቅ ቤቶች ውስጥ፣ ከጎንደር የመጡ እናቶችና አባቶቻችን ይኖራሉ።

እኛ የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ልጆች መልእክት መጠበቅን ከአያቶቻችን ወርሰናል። በ1862 አባ ማሕሪ ሕዝባቸውን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ፤ ትግራይ ላይ ረሃብና በሽታ ጉዞውን ሰበረው፣ ያለቀው አለቀ፣ የተረፈው ተመለሰ። በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪ፣ በ1904 ደግሞ ዣክ ፋይትሎቪች ከአውሮፓ ሲመጡ ለየመንደሩ እነሱ ራሳቸው ደብዳቤ ነበሩ፤ ሩቅ ያለ ወገን መኖሩን በአካል ያረጋገጡ ሰዎች። እነ ታምራት አማኑኤል ባሕር ተሻግረው ተምረው ተመለሱ። መስመሩን በሁለቱም ጫፍ ይዞ ያቆየው እንግዲህ ሰው ነው።

ከዚያ 1984 መጣ። በዚያ ዓመት ሁለት ነገሮች ሆኑ፤ አንድ ላይ ሲነገሩ ግን ሰምቼ አላውቅም። የእስራኤል ስልክ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወጥቶ ቤዜቅ የሚባል ኩባንያ ሆነ፤ በኅዳር ደግሞ ወገኖቻችንን ከሱዳን ወደ እስራኤል የሚያጓጉዘው ዘመቻ ሙሴ ተጀመረ። በሱዳን መንገድና በመጠለያው 4,000 ገደማ ሰው ሞቷል። ወሬው ወጥቶ ዘመቻው በጥር 1985 ሲቋረጥ እናት ወዲያ፣ ልጅ ወዲህ ቀረ። አዲስ መጪው አሲሞን የሚባለውን መሐሉ የተበሳ የስልክ ሳንቲም በእጁ ይዞ በመንገድ ስልክ አጠገብ ቢቆምም የሚደውልበት ቁጥር አልነበረውም፤ መንደሩ ስልክ አያውቅም። የደረሰለት ካሴት ነው። ቴፑ መሐል ላይ ይቀመጣል፣ ቤተሰቡ ዙሪያውን ይሰበሰባል፣ ከወዲያ በኩል ሰላምታው በየስሙ ይቆጠራል፤ ላሚቱም መውለዷ ይነገራል። ካሴቱ ሰው በሰው እጅ ሲዞር ወራት ይፈጅ ስለነበር፣ የሚሰማው ድምፅ አንዳንዴ የሞተ ሰው ድምፅ ነበር።

በግንቦት 1991 ዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው አመጣ። ካሴቱ ቀስ በቀስ ቀረ፤ በምትኩ አዲስ መልእክተኛ ተተካ፦ ልጅ። ከፖስታ ሣጥኑ የሚወጣውን የዕብራይስጥ ወረቀት ሁሉ የሚያነበው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነ። የባንኩን ያነባል፤ የብሔራዊ መድን ድርጅቱን የቢቱአህ ለኡሚን ያነባል፤ ስለ ራሱ ጥፋት ትምህርት ቤቱ የጻፈውንም ለአባቱ የሚያነበው እሱው ነው። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም። ልጁ ያን ቋንቋ ይዞ ወደ አማርኛ ሲመለስ አያቱን «አንቺ» አላቸው። ነገሩ ጥቃቅን ይመስላል፤ ሽማግሌዎቻችን ግን ቤታቸው መናጋቱን ያወቁት በዚህች ቃል ነው።

ፔታህ ቲክቫን በተለይ የምናነሣው ልጁም ራሱ በር ላይ ስለቆመባት ነው። በ2007 አራት የኛ ልጃገረዶች በአንድ ትምህርት ቤት ለብቻቸው በተለየ ክፍል ሲማሩ ተገኙ። በ2009 የግል የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች መቶ የሚሆኑ ልጆችን አንቀበልም አሉ፤ በጀታችሁ ይያዛል እስኪባሉ ድረስ። በ2016 የፓልሞር ኮሚቴ ዘረኝነት መኖሩን በመንግሥት ወረቀት ላይ አሰፈረ። አራት ዓመት ሳይሞላ ኮሮና ትምህርት ቤቱን ወደ ስክሪን አዛወረው። ብዙ ልጅ በሚኖርበት ቤት አንድ ሞባይል ስልክ ብቻ ካለ፣ የማን ክፍል ይቅደም?

ኩባንያዎች ምን ድርሻ እንዳላቸው ለማየት ሌላ አገር እንመልከት። በካናዳ በነባር ሕዝቦች ላይ የደረሰውን በደል የመረመረው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን በ2015 ዘጠና አራት ጥሪዎች አቀረበ፤ 92ኛው ለንግድ ኩባንያዎች የተላለፈ ነበር። ቴሉስ የተባለው የቴሌኮም ኩባንያም በ2021 ለነባር ሕዝቦች የእርቅ ዕቅዱን አወጣ። የነሱና የኛ ታሪክ አንድ አይደለም፤ እነሱ መሬታቸው የተወሰደባቸው ናቸው። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ እንበል፦ መጀመሪያ በደሉ በተበዳዩ አንደበት ተነገረ፣ ኬብሉና ዕቅዱ ከዚያ በኋላ መጣ። እዚህ አገር ኮምፒዩተር መለገስ ቀሎ ይታያል። በእውነት የሚሠራው ምን እንደሆነ ግን አይተናል። ቴክ-ካሪየር ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ወጣቶቻችንን ለሃይቴክ ሲያሠለጥን የኖረው ከማኅበረሰቡ በወጣ ሰው መሪነት ነው፤ ጤነ ብሪኡትም በሐኪምና በታማሚ መካከል በስልክ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው አስቀመጠ። ለዲጂታል አካታችነት ቃል የሚገባ ኩባንያ ሁሉ መጀመሪያ ከእነዚህ ይማር ባይ ነኝ። ፈጣን መስመር ዘርግቶ ጫፉ ላይ ሰው ካላስቀመጠ፣ የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ እንደገና ሥራ ላይ መመደቡ ነው።

ሥራው ደግሞ ከብዷል። አያትየው የደም ምርመራ ውጤታቸውን ከጤና መድን ድርጅታቸው፣ ከኩፓት ሆሊም፣ ይፈልጋሉ። ወረቀት ቀርቷል፤ ስድስት አኃዝ በስልክ ይላካል፤ ቁጥሩ በደቂቃዎች ውስጥ ካልገባ ይሞታል። «ልጄ፣ ምን ይላል?» ይላሉ። የልጅ ልጃቸው ቁጥሩን አስገብቶ ማንበብ ይጀምርና ዝም ይላል። የተጻፈው የሴት ሕመም ነው፤ በጎንደር ወግ ወንድ ልጅ ጆሮ የማይደርስ ነገር። እሳቸውም ዝምታውን ሰምተው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ያደርጋሉ። «ተወው፤ ሌላ ቀን እናየዋለን።»

ስልኩን ይቀበሉትና የሚያውቋትን አንዲት ምልክት፣ የማይክሮፎኗን ሥዕል፣ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ይይዛሉ። ጎንደር ሆና ወደ እስራኤል ለመምጣት ተራዋን እየጠበቀች ያለች እህት አለቻቸው። «እታለም፣ እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ? ዝናሙ ገባ ወይ?» ይላሉ፤ ሰላምታውን በየስሙ እየቆጠሩ፣ ልክ ለቴፑ ይናገሩ እንደነበረው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።