ሆታና ደረጃ፤ የግላስጎው የክረምት እግር ኳስና ለመሐንዲስ የተወው ትምህርት

ክረምት ሲባል በኢትዮጵያዊ አእምሮ የሚመጣው ዝናብ፣ ጭቃና የሞላ ወንዝ ነው። በሰሜን አውሮፓ ከተሞች ግን ክረምት ከሁሉ በፊት የብርሃን እጦት ነው። በ56ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አጠገብ በምትገኘው የስኮትላንዷ ከተማ በግላስጎው፣ በጃንዋሪ ወር መጀመሪያ ፀሐይ የምትወጣው ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሲሆን፣ የምትጠልቀው ደግሞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ነው። በሰባት ሰዓት ብርሃን ውስጥ ሥራውም፣ ገበያውም፣ ጨዋታውም መጠቃለል አለበት። ከዚህ ቀጥሎ የሚተረከው ታሪክ በዚህ አጭር ቀን ውስጥ አንድ ከተማ ደስታውን እንዴት ይፈልግ እንደ ነበረ፣ ለዚያም ደስታ የተሠራው ሥራ የት ላይ እንደ ጎደለ የሚያሳይ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግላስጎው በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ የመርከብ ሥራ፣ የብረታ ብረትና የባቡር ሞተር ከተማ ነበረች። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት በዓለም ላይ ይሠሩ ከነበሩት መርከቦች አንድ አምስተኛ ያህሉ የሚወጡት ከክላይድ ወንዝ ዳርቻ ነበር። ሠራተኛው ይኖር የነበረው አንድ ወይም ሁለት ክፍል ብቻ ባላቸው፣ በከሰል ጢስ በጠቆሩ የድንጋይ ፎቅ ቤቶች ውስጥ ነው። የቅዳሜ ሥራ እኩለ ቀን ላይ ማብቃት ከጀመረ ወዲህ ለዚህ ሠራተኛ የተረፈው ነፃ ጊዜ ከቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አልፎ አይሄድም። የእግር ኳስ ውድድር ዘመን የሚከፈተው በበጋው መጨረሻ ሆኖ የሚዘልቀው ክረምቱን በሙሉ በመሆኑ፣ ብርዱና ጉሙ የበረታበት ወቅት የኳስ ሜዳው ሆታ የሚደምቅበትም ወቅት ሆነ። በጠባብ ቤት የታፈነ ሕዝብ ወደ ሜዳው ወጥቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣ በአንድ ድምፅ ሲጮህ ብርዱንም ድካሙንም ይረሳ ነበር።

የሕዝቡን ብዛት ለመገመት ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ። በ1937 ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር በሐምፕደን ፓርክ ስትጫወት 149,415 ሰው በመግቢያው በር አልፎ ተቆጥሯል። ጃንዋሪ 2 ቀን 1939 ደግሞ ሬንጀርስና ሴልቲክ በአይብሮክስ ፓርክ ሲገናኙ የተመልካቹ ቁጥር 118,567 ደርሶ ነበር። ይህ የአዲስ ዓመት ግጥሚያ ለከተማይቱ ከጨዋታ በላይ ነው። በስኮትላንድ ልደት የሕዝብ በዓል የሆነው በ1958 ብቻ ስለ ሆነ፣ የክረምቱ ታላቅ በዓል አዲስ ዓመት ነበር። ሁለቱ ክለቦች ደግሞ፣ አንዱ የፕሮቴስታንቱ ሌላው የካቶሊኩ ወገን ተደርገው ስለሚቆጠሩ፣ ሆታው የሃይማኖትንና የሠፈርን ቂም ጭምር ያዘለ ነበር።

ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚሸከመው ሥራ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሕዝቡን እድገት እየተከተለ እንጂ እየቀደመ አልሄደም። ኤፕሪል 5 ቀን 1902 ስኮትላንድና እንግሊዝ በአይብሮክስ ሲጋጠሙ፣ በብረት ማዕቀፍ ላይ በእንጨት ሳንቃ የተሠራው የምዕራቡ የቁም መመልከቻ በሕዝቡ ክብደት ተሰብሮ፣ ተመልካቾች አሥራ ሁለት ሜትር ከሚያህል ከፍታ ወደ ታች ወደቁ። 25 ሰዎች ሲሞቱ ከ500 በላይ ቆሰሉ። እንጨቱን ያቀረበው ሰው ደረጃው ዝቅ ያለ ሳንቃ አቅርቧል ተብሎ ቢከሰስም በነፃ ተለቀቀ።

የሜዳው ሥራ መሐንዲስ የግላስጎው ተወላጅ የሆነው አርቺባልድ ሊች ነበር። በዕለቱ ከተመልካቾቹ መካከል ቆሞ አደጋውን በዓይኑ አይቷል። ከዚያ በኋላ ሊች በእንጨት መቆሚያ ፋንታ በአፈር የተደለደለ ተዳፋት፣ በተዳፋቱም ላይ ሕዝቡ እንዳይገፋፋ የሚያግዱ የብረት መከላከያዎችን መሥራትን የተለመደ አሠራር አደረገው። ኦልድ ትራፎርድ፣ አንፊልድ፣ ቪላ ፓርክ፣ ሐይበሪና ሌሎችም ብዙ ስታዲዮሞች የእርሱ እጅ አለባቸው። በዚህም የጭነት ጥያቄ መልስ አገኘ፤ አፈር አይሰበርምና። ነገር ግን በዚያው ልክ ሌላ ጥያቄ ተከፈተ። ከፍ ባለ የአፈር ተዳፋት ላይ የቆመ ሕዝብ በጨዋታው መጨረሻ በአንድ ጊዜ ወደ መንገዱ መውረድ አለበት፤ የሚወርደውም በረዣዥም ደረጃዎች ነው። ተመልካቹ ወደ ሜዳው የሚገባው በሁለት ሰዓት ውስጥ እየተንጠባጠበ ሲሆን፣ የሚወጣው ግን በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ጎርፍ ነው።

በአይብሮክስ ሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን የነበረው ደረጃ 13 ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህ ደረጃ ወደ ኮፕላንድ ሮድ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ የሚወስደው አጭር መንገድ ስለ ነበረ፣ በብርድና በጨለማ ወደ ቤቱ የሚቸኩለው ሕዝብ ሁሉ ይመርጠዋል። ደረጃው ቀጥ ያለና ቁልቁለት የበዛበት ነበር፤ በብረት መደገፊያዎች በረድፍ በረድፍ የተከፈለ ሲሆን፣ ግራና ቀኙም በጠንካራ የእንጨት አጥር ተዘግቶ ነበር። አንድ ሰው ተደናቅፎ ቢወድቅ ከኋላው የሚመጣው መቆም አይችልም፤ ወደ ጎን ማምለጫም የለም። ማስጠንቀቂያው አልጠፋም ነበር። በሴፕቴምበር 1961 በዚሁ ደረጃ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ ሁለት ሰዎች ሞቱ። በ1967 ስምንት ሰዎች፣ በጃንዋሪ 1969 ደግሞ ከሃያ በላይ ሰዎች ቆሰሉ። በየጊዜው ጥገናና ማሻሻያ ቢደረግም የደረጃው ቁልቁለትና የሕዝቡ አወራረድ ግን እንዳለ ቀረ።

ጃንዋሪ 2 ቀን 1971 ቅዳሜ፣ 80,000 የሚያህል ሕዝብ በአይብሮክስ ተሰበሰበ። ጨዋታው የተጀመረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ሲገባደድ የቀኑ ብርሃን አልፎ መብራት በርቶ ነበር። እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጎል አልገባም። ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀረው ጂሚ ጆንስተን ለሴልቲክ አስቆጠረ፤ የሬንጀርስ ደጋፊዎች አንገታቸውን ደፍተው መውጣት በጀመሩበት በመጨረሻዋ ቅጽበት ኮሊን ስታይን አቻ የምታደርገውን ጎል አገባ። ሆታው ሰማይ ነካ። ጥቂት ቆይቶ፣ ሕዝቡ በደስታ ተቃቅፎ ደረጃ 13ን ሲወርድ፣ ከመካከል የወደቀ ሰው ሌሎችን አስከተለ፤ ከላይ የሚወርደው ሕዝብ ከታች የሆነውን ሳያይ ገፋ። የብረት መደገፊያዎቹ በግፊቱ ተጣመሙ። 66 ሰዎች ሞቱ፤ ከ140 በላይ ቆሰሉ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የሞቱት ደረታቸው ታፍኖ መተንፈስ አቅቷቸው ነው። ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ነበሩ፤ ማርኪንች ከምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ ብቻ አምስት ልጆች ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ቀሩ።

ወዲያው አንድ ወሬ ተነዛ። ቀድመው የወጡት ደጋፊዎች የስታይንን ጎል ሆታ ሰምተው ወደ ኋላ ሲመለሱ ከሚወርደው ሕዝብ ጋር ተጋጩ ተባለ። ይህ ወሬ ለብዙ ዓመታት እንደ እውነት ሲነገር ቆይቷል። ዳሩ ግን በ1971 የተካሄደው የሞት ምርመራ የምስክሮችን ቃል መርምሮ፣ ሕዝቡ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄድ እንደ ነበረና አደጋውም ጨዋታው ካለቀ በኋላ እንደ ደረሰ አረጋገጠ። በወሬውና በምርመራው መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ወሬው እውነት ቢሆን ጥፋቱ የተመልካቹ ስሜት ይሆን ነበር፤ ምርመራው ግን ጣቱን የቀሰረው ወደ ደረጃው ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ሥሩ ባይፈለግ ኖሮ ሕዝቡ ተወቅሶ ደረጃው በቦታው በቀረ ነበር። በ1974 አንድ የስኮትላንድ ፍርድ ቤት በካሣ ክስ ላይ ውሳኔ ሲሰጥ፣ ክለቡ ከቀደሙት አደጋዎች አደጋውን ማወቅ ይገባው እንደ ነበረ በመግለጽ ጥፋተኛ አድርጎታል።

ሐዘኑ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን የከተማይቱን ሁለት ወገኖች አቀራረበ። በዚያው ወር ጃንዋሪ 27 ቀን የሬንጀርስና የሴልቲክ ተጫዋቾች አንድ ቡድን ሆነው ከስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ጋር በሐምፕደን ተጫወቱ፤ ለሟቾች ቤተ ሰቦች መርጃ በተዘጋጀው በዚህ ግጥሚያ ከ81,000 በላይ ሕዝብ በክረምቱ ብርድ ተገኝቷል። በሕግ በኩል ደግሞ ዳኛ ሎርድ ዊትሊ ጉዳዩን እንዲያጠኑ ተሹመው ዘገባቸውን በ1972 አቀረቡ። በ1973 የመጀመሪያው የስታዲዮሞች ደኅንነት መመሪያ፣ በ1975ም ታላላቅ ሜዳዎች ያለ ፈቃድ ወረቀት ሕዝብ እንዳያስገቡ የሚያስገድድ አዋጅ ወጣ።

የመመሪያው ዋና ፍሬ ነገር ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። የሚሰላው የሕዝብ ብዛት ብቻ ሳይሆን ፍሰት ነው። በቀደመው ስሌት በደልዳላ መንገድ በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ 109 ሰው ያህል፣ በደረጃ ላይ ግን 73 ብቻ ያልፋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ስለዚህም ወደ ደረጃው የሚያስገባው መንገድ ከደረጃው የማሳለፍ አቅም በላይ ሰው የሚለቅ ከሆነ መጨናነቁ የማይቀር ነው። መፍትሔውም ሰውን ከታች ማፍጠን ሳይሆን ከላይ መመጠን፣ ረጅሙን ደረጃ በማረፊያ ሜዳዎች መቆራረጥ፣ አቅጣጫውን ማጠፍ ነው። ውሃ ግፊቱ ሲበዛ ቧንቧ እንደሚያፈነዳ ሁሉ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ስድስትና ሰባት ሰው ሲታጨቅም ሕዝቡ የየራሱ ፈቃድ ያለው ሰው መሆኑ ቀርቶ እንደ ፈሳሽ ይገፋፋል።

ይህ እውቀት ታትሞ ከወጣ ከዓመታት በኋላ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1982፣ በሞስኮ ሌኒን ስታዲዮም ስፓርታክ ሞስኮ ከሆላንዱ ሐርለም ጋር ተጫወተ። ብርዱ ብርቱ፣ ደረጃዎቹም በበረዶ የተሸፈኑ ነበሩ። የተመልካቹ ቁጥር ወደ 16,000 ብቻ ቢሆንም፣ አብዛኛው በአንድ ወገን ተሰብስቦ በአንድ ደረጃ ይወርድ ነበር። በመጨረሻዋ ደቂቃ ጎል ገባ፤ በዚያው ደረጃም መጨናነቅ ሆነ። በይፋ የተመዘገቡት ሟቾች እንደ አይብሮክስ 66 ናቸው። የሶቪየት ጋዜጦች የሟቾቹን ቁጥር ለሕዝብ የገለጹት ግን በ1989 ብቻ ነው። ግላስጎው ሐዘኗን በአደባባይ መርምራ ሕግ አወጣችበት፤ በሞስኮ ግን ለሰባት ዓመታት ተዳፍኖ ቆየ።

ሕግ የወጣበትም አገር ቢሆን ሁሉን አልፈጸመም። አዋጁ ባልደረሰባቸው አነስተኛ ሜዳዎች መካከል በነበረው በብራድፎርድ፣ በሜይ 1985 የእንጨት መመልከቻ ተቃጥሎ 56 ሰዎች ሞቱ። በኤፕሪል 1989 በሒልስቦሮ የደረሰው መጨናነቅ 97 ሰዎችን ከገደለ በኋላ ነው የታላላቅ ክለቦች ተመልካች ሁሉ እንዲቀመጥ የተወሰነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚያሰኝ ነው። አይብሮክስ ግን ሌሎቹን አልጠበቀም። በአደጋው ዕለት የቡድኑ አሠልጣኝ የነበሩት ዊሊ ዋዴል በዶርትሙንድ የተሠራውን አዲስ ስታዲዮም አብነት አድርገው ሐሳቡን ገፉበት፤ ከ1978 እስከ 1981 ሦስቱ የአፈር ተዳፋቶች ተንደው በመቀመጫ ተተኩ። መቶ ሺህ ይዞ የነበረው ሜዳ ወደ 44,000 ወረደ። ከሊች ሥራ የቀረው በ1929 የተመረቀው የጡብ ሕንፃ ነው።

በሕንፃው ማዕዘን ከ2001 ጀምሮ በአደጋው ዕለት የሬንጀርስ አምበል የነበረው የጆን ግሬግ ሐውልት ቆሟል፤ ከሥሩም በ1902፣ በ1961ና በ1971 የሞቱት ሰዎች ስም ተጽፏል። ሦስቱ ዘመናት በአንድ ድንጋይ ላይ መገኘታቸው ለሙያው ሰው የሚነግረው ነገር አለ። የመጀመሪያው አደጋ የሳንቃ ነበር፤ ተስተካከለ። ሁለተኛው ሁለት ሰው ብቻ በመግደሉ እንደ ትንሽ አደጋ ታየ፤ ሦስተኛውን ያመጣውም ያ ንቀት ነው። ስታዲዮም፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት ወይም የጸሎት ቤት የሚሠራ መሐንዲስ ሕንፃው ሞልቶ ሲቆም ብቻ ሳይሆን፣ ሕዝቡ በጨለማና በብርድ፣ በደስታም ስሜት ሆኖ፣ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ማስላት ይኖርበታል። ሕዝብ እንዳይጮህና እንዳይደሰት ማድረግ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። የሚቻለው ሆታውን በሰላም ወደ ቤቱ የሚያደርስ ደረጃ መሥራት ነው።