የደጀኑ መኰንን፤ ጄኔራል ታደሰ ብሩ ከጠመንጃ እስከ ፊደል

የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች አብዝተው የሚያወሱት በግንባር የተሰለፈውን ነው። በሰላም ጊዜ ማሳውን እያረሰ ኖሮ በክፉ ቀን ሲጠራ ጦሩን አንሥቶ የሚወጣው የደጀን ሠራዊትና ያን ሠራዊት የሚያሰናዳው መኰንን ግን ብዙም አልተዘከሩም። ይሁን እንጂ ሕዝባችን ነጻነቱን ጠብቆ የኖረው በአመዛኙ በዚህ ዓይነቱ ሠራዊት መሆኑ አይካድም።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ እንደ ሌላው የአገራችን ገበሬ ሁሉ ለዚህ ሥርዓት እንግዳ አልነበረም። የክተት ነጋሪት ሲጎሰም ሞፈሩን ሰቅሎ፣ ስንቁን ቋጥሮ የአካባቢውን ሹም ይከተላል፤ ዘመቻው ሲያልቅም ወደ እርሻው ይመለሳል። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ባወጁት ክተት ተሰብስቦ በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ የኢጣሊያንን ጦር ድል የነሣው ሠራዊት በብዛት የዚህ አራሽ ሠራዊት ነበር።

ከ1933ቱ ነጻነት በኋላ መንግሥቱ ደመወዝተኛና መደበኛ ጦር አደራጀ። አሮጌው ልማድ ግን ፈጽሞ አልተተወም፤ ከመደበኛው ጦር ጎን ብሔራዊ ጦር የተባለ ተጠባባቂ ኀይል ቆመ፤ ሕዝቡ ነጭ ለባሽ የሚለው፣ የደንብ ልብስ የሌለው የአካባቢ ታጣቂም አብሮት ይሰማራ ነበር። ልዩነቱ በግዳጁ ላይ ነው። ቀድሞ ወራሪን ለመመከት ይጠራ የነበረው አራሽ፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በባሌ እንደታየው፣ በግብርና በመሬት በደል የተነሣሣ ወንድሙን አመፅ ለማዳፈን ተሰለፈ። ገበሬን በገበሬ የመምታት ዘዴ ለባላባታዊው ሥርዓት ርካሽ ነበር፤ ለሕዝቡ ግን ዋጋው ከባድ ነበር።

የዚህ ብሔራዊ ጦር ምክትል አዛዥ ለመሆን የበቁት ብርጋዴር ጄኔራል ታደሰ ብሩ የተወለዱት በሰላሌ ነው። ስማቸው ጎልቶ የወጣው በፖሊስ ሠራዊት ውስጥ፣ በፈጥኖ ደራሽ አዛዥነታቸው ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መንግሥት ለመገልበጥ በተነሡ ጊዜ፣ ታደሰ ብሩ ከዙፋኑ ጎን ቆመው ሙከራው እንዲከሽፍ ረዱ። እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ታማኝ የሥርዓቱ ወታደር ነበሩ ማለት ነው።

በ1954 ዓ.ም. አንድ የደቡብ አፍሪካ ነጻነት ታጋይ ወታደራዊ ትምህርት ለመቅሰም አዲስ አበባ ገባ። ይህ ሰው ኔልሰን ማንዴላ ነበር። ሥልጠናው የተሰጠው በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ነው። ለስድስት ወር የታቀደው ትምህርት፣ ድርጅቱ ወደ አገሩ እንዲመለስ ስለጠራው፣ በስምንት ሳምንት ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ ኮሎኔል የነበሩት ታደሰ ብሩ ጉዞውን አሰናድተው፣ አንድ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር በስጦታ እንደሰጡት ማንዴላ ራሱ በጽሑፉ መስክሯል። ለሌላው ሕዝብ ነጻነት ስንቅ ያቀበለ መኰንን የራሱን ሕዝብ ጥያቄ እስከ መቼ ሳይሰማ ይኖራል?

ጥያቄው የመጣው በፊደል በኩል ነው። ጄኔራሉ ከወታደራዊ ሥራቸው ጋር የፊደል ሠራዊት የተባለውን የመሃይምነት ማጥፊያ እንቅስቃሴ ይመሩ ነበር። የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት ወደ ጋይንት መለስ ማለት ይጠቅማል። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር፣ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ናቸው። ከየአገሩ የሚመጣው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ዓመታት ተቀምጦ የያሬድን ዜማ ያደላድላል። በዚያው አጥቢያ የሚያርሰውና ለተማሪው ቁራሹን የሚሰጠው ገበሬ ግን አብዛኛው ፊደል አይለይም ነበር። ድንቅ ትምህርት በነበረበት ቦታ እንኳ ሁኔታው ይህ ከሆነ፣ ቋንቋው ከትምህርት ገበታ የተገለለበት ሕዝብ ዕጣ ምን እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ ጄኔራሉን ኦሮሞ መሆናቸውን ሳያውቁ፣ ኦሮሞውን በማስተማር እንዳይቸኩሉ መከሯቸው ተብሎ በሰፊው ሲተረክ ኖሯል። በ1955 ዓ.ም. በተቋቋመው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ውስጥ ጄኔራሉ በ1956 ዓ.ም. አባል ሆኑ። ትምህርት ቤት፣ መንገድና ጤና ጣቢያ ለማሠራት የተነሣው ማኅበር በእሳቸው ስምና ንግግር ብዙ ሕዝብ ሳበ። መንግሥት ይህን አልታገሠም፤ በ1959 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ከፈነዳው ቦምብ ጋር አያይዞ መሪዎቹን አሰረ፤ ማኅበሩንም አገደ። በጄኔራሉ ላይ የተፈረደው የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠና በሐረርጌ ገለምሶ በግዞት ተቀመጡ።

የ1966ቱ አብዮት ከግዞት አወጣቸው። ከአዲሱ ወታደራዊ መንግሥት ጋር ግን አልተስማሙም፤ ከኮሎኔል ኃይሉ ረጋሣ ጋር ሸፍተው ተያዙና በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ሁለቱም ተገደሉ። የገጠር መሬት ለአራሹ እንዲሆን የታወጀው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። ጭሰኛውን ነጻ ባወጣው አዋጅና በእኚህ ሰው ሞት መካከል የነበረው ጊዜ ወር እንኳ አልሞላም።

ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ጨምሮ እየሰፋ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ። ጄኔራሉ ሳያዩት ያለፉት ይህን ነው። ማንዴላ በበኩሉ በ1986 ዓ.ም. የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆነ።

የታደሰ ብሩን ሕይወት አንዱ ወገን እንደ ክህደት፣ ሌላው እንደ ሰማዕትነት ብቻ ሲያየው ቆይቷል። ሁለቱም ዓይነት ንባብ የሰውየውን መንገድ ያሳጥሩታል። በ1953 ዙፋኑን ያዳኑትና በ1959 በዙፋኑ መንግሥት የታሰሩት አንድ ሰው ናቸው፤ በሁለቱ ዓመታት መካከል የተለወጠው ነገር ሕዝቡን ቀረብ ብለው ማየታቸው ነው። ተጠባባቂ ጦር የሚያሰናዳ መኰንን ከሰፈር ወጥቶ ከአራሹ ጋር ይገናኛል፤ ፊደል የሚያስቆጥር ሰው ደግሞ የአራሹን ቋንቋ ይሰማል። መምህሩም ሆነ ካድሬው፣ ከያኒውም ጭምር፣ የጄኔራሉን ታሪክ ሲመረምር ሊጠይቅ የሚገባው፣ አገር በደጀንነት የሚጠራውን ሕዝብ በትምህርትና በመሬት ጊዜም በእኩልነት ጠርታው እንደሆነ ነው።