የሮማ ቁጥር ያለበት ሽጉጥ

ከሜሪላንድ ሪቨርዴል ፓርክ ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ ለሚሻገር ሰው የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ሩቅ አይደለችም። ዛሬ መንገደኛ የሚዝናናበት የወንዝ ዳር፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የጦር መሣሪያ መጋዘን ነበረበት። ባለቤቱ ሳሙኤል ከሚንግስ ሲሆን ኩባንያው ኢንተርአርምስ ይባል ነበር። ከጦርነት የተረፉ ጠመንጃዎችንና ሽጉጦችን ከየመንግሥታቱ በጅምላ እየገዛ ለአሜሪካ አዳኞችና ሰብሳቢዎች ይቸበችብ ነበር።

«ኢንተርአርምስ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ» የሚለው ጽሑፍ ዛሬም ብዙ ሽጉጦች ላይ ይነበባል። ጀርመን ውስጥ የተሠራ ዋልተር ላይ ሳይቀር ተቀርጿል። የአንድን ሽጉጥ ትውልድ ለማወቅ ለሚሞክር ሰው የመጀመሪያው ስሕተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ጉልህ ሆኖ የሚታየው ጽሑፍ የትውልድ ቦታ ይመስላል። በ1968 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ግን አስመጪው ስሙንና ከተማውን ብረቱ ላይ እንዲያሳርፍ አስገድዷል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው መሣሪያው በማን እጅ አሜሪካ እንደገባ ነው። ትውልዱን የሚያወጡት ሌሎቹ፣ አነስ ያሉትና ብዙ ጊዜ ግማሽ የጠፉት ምልክቶች ናቸው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያሳስተው «ብራውኒንግ» የሚለው ስም ነው። ጆን ብራውኒንግ የዩታ ሰው፣ ንድፍ አውጪ ነበር፤ በስሙ የሚጠሩትን ብዙዎቹን ሽጉጦች የሠራው ግን የቤልጂጉ ፋብሪክ ናሲዮናል ነው፤ ፋብሪካው ሊዬዥ አጠገብ ኤርስታል ይገኛል። ዘውድ የደፋ እንቁላል ቅርጽ ያለው ማኅተም ከታየ የሊዬዥ የፍተሻ ቤት ምልክት ነው፤ መሣሪያው ከበድ ባለ ባሩድ ተተኩሶ ፈተናውን ማለፉን ይመሰክራል። ቤልጂግ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለችም፤ ከ1930 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የክብር ዘበኛን ያሠለጠኑት መኮንኖቿ ናቸው። በዚያ ዘመን የተገዙ አንዳንድ ጠመንጃዎች የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾባቸዋል። አንበሳው የባለቤቱ ምልክት እንጂ የሠሪው አይደለም።

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከሁሉ በላይ ቅርብ የሆነው ግን የጣሊያኑ ቤሬታ፣ የ1934 ሞዴል ነው። በአምስቱ ዓመት የጠላት መኮንኖች ታጥቀውት ገብተዋል። እንዲህ ያለ ሽጉጥ «ከጣሊያን የተማረከ ነው» ተብሎ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ፣ ወሬውን ከብረቱ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ከላይ በሚንሸራተተው ብረት ግራ ጎን ላይ የፋብሪካው ስም፣ «ካል. 9 ኮርቶ» የሚለው የጥይት ልክ፣ የሞዴሉ ዓመትና ጋርዶኔ የሚለው የከተማ ስም ተደርድረዋል። በመጨረሻ የተሠራበት ዓመት ይመጣል፤ ከጎኑም ሌላ ቁጥር በሮማ ፊደል ይጨመራል፦ «1937 ኤክስ ቪ»።

ይህ ጭማሪ 15 ማለት ነው። ሙሶሊኒ በሮም ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፋሺስቶች የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ ነበር፤ ዓመታቸውም በየጥቅምቱ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ይለወጣል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይህ የጥቅምት አጋማሽ ነው። አሥራ አምስተኛው ዓመታቸው ከጥቅምት 1929 ዓ.ም. አጋማሽ ይጀምራል፤ የካቲት 12ም የዋለው በዚሁ ዓመት ውስጥ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጥለው፣ አዲስ አበባ በሕዝቧ ደም የታጠበችበትን ዓመት ገዳዮቹ ድላቸውን ሲቆጥሩ እንደ አንድ ቁጥር በብረት ላይ ቀርጸውታል። ይህን ቁጥር ሲያነቡ ደም አለመፍላት ይከብዳል።

የባለቤቱ ምልክት ከእጀታው በላይ ይፈለግ። ዘውድና «አር ኢ» ካለ የንጉሣዊው የምድር ጦር፣ ንስርና «አር ኤ» ካለ የአየር ኃይል፣ መልሕቅና «አር ኤም» ካለ የባሕር ኃይል፣ «ፒ ኤስ» ከሆነ የፖሊስ ነው። ምንም ምልክት ከሌለው ለሲቪል የተሸጠ ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ፊደላት ስስ ናቸው። ብርጭቆ ወረቀት የነካው ወይም እንደገና ቀለም የተቀባ ሽጉጥ ግማሽ ታሪኩን አጥቷል፤ ከመወልወል በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ ማንሣት ይሻላል።

የዓመቱ ቁጥር አንዳንዴ «ከጣሊያን የተማረከ ነው» የሚለውን ወሬ ያፈርሰዋል። ጣሊያን በሰኔ 1940 (እ.ኤ.አ.) ጦርነቱን ስትቀላቀል የሱዌዝ መንገድ ተዘጋባት፤ ምሥራቅ አፍሪካ ያለው ጦሯ በባሕር የሚመጣለት ስንቅና መሣሪያ ተቋረጠ። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ የመጨረሻው የጠላት ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ደግሞ በኅዳር 1934 ዓ.ም.። እንግዲህ «1941 ኤክስ አይ ኤክስ» የሚል ሽጉጥ በአርበኛ እጅ ተማረከ ቢባል እጅግ ያጠራጥራል። «1942 ኤክስ ኤክስ» ከሆነ ግን ክርክር የለውም፤ ያ ሽጉጥ ከጋርዶኔ ሲወጣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚማረክበት የጣሊያን ጦር አልነበረም። የመጣው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም እንደ ከሚንግስ ባለ ነጋዴ እጅ ነው።